ከንፈር መምጠጥ ሙዚቃ አይደለም

በየዓመቱ ማርች 8 ሲቃረብ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ ይመጣል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀሚስ የለበሰች ሴት። ከሥሩ «ታሪክ የረሳት ኖርዌጂያዊት ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ» ይላል። ከዚያ የሚያለቅስ ፊት፣ የተሰበረ ልብ፣ «ያሳዝናል!»፣ «ስንቷ ናት እንዲህ ሆና የቀረችው!» ይዘንባል። እኔም አንድ ዓመት የተሰበረ ልብ ለጥፌ አልፌያለሁ። ሙዚቃዋን ግን አልሰማሁም። ከኔ በፊት አስተያየት የሰጡትም የሰሙ አይመስለኝም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ የአንድ ሥራዋን ስም አልጠራማ!

ይህን የምጽፈው ከዚያ የተሰበረ ልብ ጋር ለመጣላት ነው። መጀመሪያ ከራሴው ጋር።

ሴትዮዋ አጋተ ባከር ግሮንዳል ትባላለች። በ1847 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ) ሆልመስትራንድ በምትባል የኖርዌይ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደች። ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ያኔ ክርስቲያኒያ ወደምትባለው ኦስሎ ተዛወረ። በ1865 በርሊን ሄዳ ከቴዎዶር ኩላክ ዘንድ ፒያኖ ተማረች። በ1868፣ ገና በ20 ዓመቷ፣ ክርስቲያኒያ ውስጥ የቤትሆቨንን አምስተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ ተጫወተች፤ ኦርኬስትራውን የመራው ወጣቱ ኤድቫርድ ግሪግ ነበር። ቀጥላ ፍሎረንስ ላይ ከሃንስ ፎን ቢሎ፣ ቫይማር ላይ ከፍራንዝ ሊስት ተማረች። በ1889 ለንደን ላይ የግሪግን ኮንቼርቶ ተጫወተች። ያን ጊዜ የሙዚቃ ሐያሲ የነበረውና በብዕሩ ስለት የሚፈራው ጆርጅ በርናርድ ሾው እንኳ አድናቆቱን አልቆጠበባትም። ወደ 400 የሚጠጉ ሥራዎች ጻፈች። አብዛኞቹ ዘፈኖች ናቸው፤ ከ100 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ለፒያኖ ብቻ የተጻፉ። በ1907 አረፈች።

አሁን ይኼ የተረሳች ሰው ሕይወት ነው? በሕይወት ሳለች ማንም አልረሳትም። አዳራሽ ሞልቶላታል፣ ሥራዎቿ ታትመዋል፣ ተማሪዎች ደጇን ጠንተዋል። እኛ ግን ታሪኩን ከመጨረሻው ጀምረን ወደ ኋላ እናነበውና ሕይወቷን በሙሉ ሐዘን እናለብሰዋለን። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ይመቻል። «ተረሳች» ትላለህ፤ ማን እንደረሳት ሳትናገር ትሄዳለህ። ግሱ ራሱ ወንጀለኛውን ያስመልጠዋል።

ወንጀለኛውን እንፈልገው እስቲ።

የምኖረው ኦስሎ ነው፤ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። ፒያኖ መማር የጀመርኩት በ26 ዓመቴ ነው፤ ይኼ ለሙያው አርጅቶ መጀመር ማለት ነው። ፒያኖውን በነፃ ነው ያገኘሁት። እዚህ አገር አሮጌ ፒያኖ «ኑና ውሰዱልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጣጣው ማጓጓዙ ነው። አራት ሐበሾች ተጋግዘን፣ አንዱ ወገቡን ይዞ እየጮኸ፣ ሁለተኛ ፎቅ አወጣነው። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ማታ፣ ከሥራ ወደ ቤት በአውቶቡስ ስመለስ፣ የአጋተን የኮንሰርት ኤቲዩዶች የሰማሁት። ኦፐስ 11፣ ስድስት ናቸው። የምወርድበትን ፌርማታ አለፍኩት።

ኤቲዩድ ማለት ጥናት ማለት ነው። አንድ የእጅ ችግር ይመረጣል፤ ፈጣን ሩጫ፣ ሰፊ ዝላይ፣ ወይም ባንድ እጅ ዜማውንም አጃቢውንም መያዝ። ሙዚቃው በሙሉ በዚያ ችግር ላይ ይገነባል። ተራ ጸሐፊ ከዚህ የጣት ስፖርት ያወጣል። ጎበዝ ጸሐፊ ግን ችግሩን ራሱን ስሜት ያደርገዋል፤ የተጫዋቿ ትግልና የሙዚቃው ትግል አንድ ይሆናል። ሾፓን ይህን አድርጓል፣ ሊስት አድርጓል። ያን ማታ የሰማሁት ከነሱ ጋር የምትከራከር ሴት ነበር እንጂ ከነሱ በር ላይ ቆማ የምትለምን አልነበረም።

በማግስቱ ለአስተማሪዬ ነገርኳት። አስተማሪዬ ደግና ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ስሟን አላነሳም። ፈገግ አለችና «ቆንጆ ነች» አለችኝ። «ግን ትንንሽ ነገሮች ናቸው። የሳሎን ሙዚቃ። መጀመሪያ ግሪግን ጨርሺ፤ ከዚያ ለመዝናናት ትጫወቻታለሽ።»

ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ ለወራት ዞርኩ። አሁን በየተራ ልፍታት።

«ትንንሽ» የሚለውን እናስቀድም። እውነት ነው፤ አጋተ የታወቀችው በሲምፎኒና በኦፔራ አይደለም። ብዙዎቹ የፒያኖ ሥራዎቿ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጁ ናቸው። እሺ። ግሪግስ? ለፒያኖ ብቻ ከጻፋቸው ውስጥ በዓለም ላይ የናኙለት «የግጥም ቁርጥራጮች» የሚባሉት 66 አጫጭር ሥራዎች ናቸው፤ ከ1867 እስከ 1901 በ10 መጽሐፍ የታተሙ። አንዳንዶቹን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሳቸዋለህ። ከሾፓን ፕሬሉዶች ውስጥ ደቂቃ የማይሞሉ አሉ። እነሱን ማንም «ትንንሽ ነገሮች» ብሎ አያልፋቸውም። የነሱ ማጠር «ምጥን» ይባላል፤ የሷ ማጠር «ትንሽ» ይባላል። ያው ርዝመት፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ዘመን። ሜትሩ ነው ሁለት የሆነው።

ግሪግ የታወቀ ኮንቼርቶ አለው፣ እሷ የላትም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን ኮንቼርቶ ዋስ አይደለም። አንድ ትልቅ ሥራ መጻፉ 66ቱን አጫጭር ሥራዎች አንድ ኖታ እንኳ አያሻሽላቸውም። እያንዳንዱ በራሱ እግር ይቁም ካልን፣ የሷም በራሱ እግር ይቁም።

«ሳሎን»። እኛ ሳሎን ስንል ሶፋውና ቡፌው ያለበትን፣ እንግዳ የሚቀመጥበትን ክፍል ነው። እውነቱን ለመናገር የአውሮፓውያኑም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፒያኖው የሚቆመው እዚያ ነበር፤ ሙዚቃ የሚሰማው እዚያ ነበር። ሾፓን ራሱ ከትልቅ አዳራሽ ይልቅ ሳሎን ይመርጥ ነበር፤ ማንም ግን በዚህ አላቃለለውም። ቃሉ ስድብ የሚሆነው ሴት ስትጽፍ ነው። ለምን ቢባል፣ ወንድ ሳሎን ውስጥ እንግዳ ነው፣ ሴት ግን የቤቱ ዕቃ ናት። ደግሞስ የአጋተ ኤቲዩዶች የኮንሰርት ኤቲዩዶች ናቸው፤ ስማቸው ላይ ተጽፏል። ርዕሱን እንኳ ሳያነቡ ነው እንዴ የሚፈርዱት?

«መጀመሪያ ግሪግን።» እዚህ ላይ ወጥመዱ ይገርማል። አጋተ የተማረችው ጀርመን ነው። የሷን ሥራ ስትሰማ ሹማንና ሜንደልሶን በጓሮ በር ሲገቡ ይሰማሃል፤ አልክድም። በዚህ ጊዜ «ኖርዌያዊነት ይጎድላታል» ትባላለች። (ግሪግም ላይፕሲክ ነበር የተማረው፤ ይኼ ግን አይነሳም።) ታዲያ የኖርዌይን የሕዝብ ዜማዎችና ጭፈራዎች ለፒያኖ ስታዘጋጅ፣ ወይም «በሰማያዊው ተራራ» የተባለውን የተረት ስብስብ፣ ኦፐስ 44ን፣ ስትጽፍ ደግሞ «የግሪግ ጥላ» ትባላለች። ጀርመን ስትሆን ባዕድ፣ ኖርዌይ ስትሆን ኮፒ። ከዚህ ፈተና ማን ያልፋል? ፈተናው ሲዘጋጅም እንዲታለፍ አልነበረም።

አሁን ከሁሉም የሚያናድደኝን ላምጣ፦ «ጥሩ ሙዚቃ ከሆነ ጊዜ ራሱ ያወጣዋል። ጊዜ ወንፊት ነው።» ይህን የሚለው ሰው ዱቄት ነፍቶ አያውቅም። ወንፊት ብቻውን አይነፋም፤ የሚይዘው እጅ አለ። የሙዚቃን ወንፊት የሚይዙ እጆችም ይታወቃሉ። የተማሪዎችን መጽሐፍ የሚያዘጋጅ አሳታሚ አለ፤ የፈተና ዝርዝር የሚያወጣ ትምህርት ቤት አለ፤ የኮንሰርት ፕሮግራም የሚመርጥ ሰው አለ፤ «መጀመሪያ ግሪግን» የምትል ደግ አስተማሪ አለች። አጋተ በሕይወት ሳለች ሥራዎቿን የምትጫወተው ራሷ ነበረች። ወደ መጨረሻው መስማት እየተሳናት ሄዶ መድረክ ተወች። ፒያኒስት የሆነው ልጇ ፍሪድትዮፍ የእናቱን ሥራ ይዞ ዞረ፤ እሱም በ1959 ሞተ። ከዚያ በኋላ ወንፊቱን የያዙት እጆች ሌላ ነበሩ። አጋተና ግሪግ በ1907 በሦስት ወር ልዩነት ነው የሞቱት፤ እሷ በሰኔ መጀመሪያ፣ እሱ በመስከረም መጀመሪያ። በ2007 ኖርዌይ መቶኛ ዓመቱን «የግሪግ ዓመት» ብላ አከበረች። ያው ዓመት የሷም መቶኛ ነበር። ይህንንም ጊዜ ነው ያደረገው? ጊዜ ስብሰባ አይጠራም፣ በጀት አይመድብም።

አንድ እሁድ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ የኦስሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገባሁ። እዚያ የአጋተ ታላቅ እህት አለች፤ ሐሪየት ባከር (1845–1932)፣ ሠዓሊ። ሁለቱ እህትማማቾች ወጣት ሳሉ አብረው ይጓዙ ነበር፤ አጋተ በርሊንና ፍሎረንስ ፒያኖ ስትማር ሐሪየት አብራት ሄዳ ሥዕል ትማር ነበር። የሐሪየት የ1883 ሥዕል ፊት ቆምኩ። ሰማያዊ ክፍል ነው፤ መስኮት አጠገብ አንዲት ሴት የእጅ ሥራዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ብርሃኑ በሰማያዊው ላይ ይፈስሳል። አጠገቤ ከሩቅ አገር የመጡ ባልና ሚስት ጎብኚዎች ነበሩ። የሠዓሊዋን ስም የሚያውቁ አይመስሉም፤ ሚስትየው ጎንበስ ብላ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበችና ባሏን ጠራችው። ሁለቱም ረጅም ጊዜ ቆሙ።

ያኔ ገባኝ። ሐሪየት ግድግዳ አላት። ማንም ሳይጠራት እዚያው ናት፤ የማያውቃት ሰው ሲያልፍ ያገኛታል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ተዘጋጅቶላት ሥዕሎቿ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ድረስ ሄደዋል። ሐሪየት በ1887 የሳለችው፣ ፒያኖ የምትጫወት ሴት ያለችበት ሥዕልም አለ። ቆመህ ልታየው ትችላለህ፤ ድምፁ ግን የለም። እህቷ ያለችው በዚያ ድምፅ በኩል ነው። ሙዚቃ ግድግዳ የለውም፤ ያለው ጣት ብቻ ነው። ኖታ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሥራ አይባልም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ካልተጫወተው የለም። ያውም ዛሬ፣ ነገም እንደገና።

ስለዚህ ነው ከከንፈር መምጠጥ ጋር የተጣላሁት። «ሐሪየት ያሳዝናል» ብሎ ፖስት ያደረገ ሰው ሥዕሉን አይጎዳውም፤ ሥዕሉ ተሰቅሏል። «አጋተ ታሳዝናለች» ብሎ ያለፈ ሰው ግን ሥራውን ሠርቻለሁ ብሎ ያስባል። ሐዘኔታው የመስማቱን ቦታ ይወስዳል። ልቡን ለጥፎ፣ ቀለል ብሎት፣ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ይሄዳል። ያቺ ሴት ደግሞ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ሳትሰማ ቀረች። ጠላቶቿ «ትንሽ ናት» ብለው አላጫወቷትም፤ ወዳጆቿ «ምስኪን ናት» ብለው አልሰሟትም። ውጤቱ ያው ዝምታ ነው።

መስማት መሳኗንማ ተዉት። ያን ታሪክ የሚወዱት ሰዎች «ሴቷ ቤትሆቨን» ሊሏት ይቃጣቸዋል። እንባ ያመጣል፤ ሼር ያደርጋል። ግን ኤቲዩዶቹን የጻፈችው በደህና ጆሮዋ፣ በጉልበቷ ዘመን ነው። የሰውን ሥራ በሕመሟ በኩል ብቻ የምናይ ከሆነ፣ የምናደንቀው ሕመሟን ነው።

እኛስ ብንሆን? እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ሁላችንም ፎቷቸውን ለጠፍን። መነኩሴ መሆናቸውን፣ በባዶ እግር መሄዳቸውን፣ ስደታቸውን ተቀባበልን። ከለጠፍነው ውስጥ ስንቶቻችን የአንድ ሥራቸውን ስም እንጠራለን? ስንቶቻችን ሻይ ቤት ውስጥ ከኋላ እንደሚጮህ ነገር ሳይሆን፣ ስልክ አስቀምጠን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማናቸው? ኖርዌይን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ይኼ በሽታ ፓስፖርት አይጠይቅም።

አንድ ነገር ልመን፤ ካላመንኩ ጠበቃ እንጂ አድማጭ አልሆንም። የአጋተ ሥራ ሁሉ ድንቅ አይደለም። ጣፋጭ ሆኖ ጀምሮ ጣፋጭ ሆኖ የሚያልቅ፣ ምንም የማይጥልብህ አለ። እንዲህ ያለው የግሪግም አለው፣ የሾፓንም አለው። ልዩነቱ እነሱ ደካማ ሥራ የመጻፍ መብት አላቸው። የነሱ ደካማ ሥራ «ያን ቀን አልተሳካለትም» ነው፤ የሷ ደካማ ሥራ «አየህ፣ ብያለሁ» ነው። ለሷ የምጠይቀው እንደ ቅዱስ እንድትታይ አይደለም። እንደ ማንኛውም ደራሲ፣ አንዱ ተወዶ አንዱ እንዲጣል፣ መጀመሪያ እንድትሰማ ነው።

ስለዚህ ልባችሁን አቆዩትና እንዲህ አድርጉ። ፒያኖ የምትነኩ ከሆነ፣ ከሞተች ከ70 ዓመት በላይ ስላለፈ የባለቤትነት መብቱ አብቅቷል፤ የብዙ ሥራዎቿ ኖታ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይወርዳል። ከኦፐስ 45 ሦስተኛውን፣ «የበጋ ዘፈን» የሚባለውን ጀምሩ። የምታስተምሩ ከሆነ ለአንድ ተማሪ ብቻ አንድ ሥራ ስጡ፤ «ሴት ናት» ሳትሉ፣ እንዲሁ «ይህን ተለማመጂ» ብላችሁ። የማትጫወቱ ከሆነ ኦፐስ 11ን ስሙ፤ ታሪኳን ሳታነቡ፣ ፎቶዋን ሳታዩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጆሯችሁን ስጡ። ካልወደዳችሁት ተዉት። ሰምቶ መተው ክብር ነው፤ ሳይሰሙ ማዘን ግን አይደለም።

እኔ «የበጋ ዘፈን»ን አምስት ወር ሆኖኛል። አሁንም ዜማው በላይ ጎልቶ አጃቢው ከሥር ዝቅ እንዲል ማድረግ ያቅተኛል፤ የማታ ፈረቃ ከሆንኩ ጣቴ እንጨት ነው። አስተማሪዬ መጀመሪያ ተከራከረችኝ። አንድ ቀን ግን እኔ ስጫወት ቆይታ «እስቲ ተነሺ» አለችና ራሷ ተቀመጠች። ገጹን እስከ መጨረሻ አነበበችው። ምንም አላለችኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ ግን ኖታው ላይ በእርሳስ የጣት ቁጥር ጽፋበት ጠበቀችኝ።

በሰኔ የተማሪዎች ምሽት አለን። ሁለት ልጆች ግሪግን ይጫወታሉ፤ እኔ እሷን። ፕሮግራሙን የምታዘጋጀው አስተማሪዬ ናትና ከስሟ ሥር ምን እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። ረቂቋ ላይ «የሠዓሊዋ የሐሪየት ባከር እህት፣ የግሪግ ወዳጅ፣ በኋላ መስማት የተሳናት» የሚል ነበረ።

«ከግሪግ ስም ሥር ምን ጻፍሽ?» አልኳት።

አየችው። 1843–1907 ብቻ ነበር።

«እሷም እንደዚያው» አልኩ። ላጲሱን አነሳች።